የመረቀዘችው ጣቴ

ስንጥሩ የገባው ማክሰኞ ነው። አሮጌ መደርደሪያ ስገፋ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር ተሰነቀረ። በመርፌ ጫፍ ፈልፍዬ አወጣሁትና ረሳሁት። ሐሙስ ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጣቴ ከልቤ ምት ጋር እኩል ይጠዘጥዛል። መብራት አብርቼ አየሁት። ቀልቷል፤ ቆዳው ከመወጠሩ የተነሳ ያብለጨልጫል፤ ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው ይፋጃል። በጥፍሩ ጠርዝ በኩል አንዲት ነጭ ነጥብ መግል ቋጥሯል።

መተዳደሪያዬ የላብራቶሪ ሥራ ነው። ከዚያች ነጥብ ትንሽ ወስጄ ስላይድ ላይ ብቀባት፣ ቀለም አስይዤ በማይክሮስኮፕ ባያት የሚታየኝን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፦ ኒውትሮፊል የሚባሉ፣ የሞቱና ለመሞት የሚያጣጥሩ ነጭ የደም ህዋሶች፣ በመካከላቸው እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ድቡልቡል ባክቴሪያዎች። ስታፊሎኮከስ ሳይሆን አይቀርም። ሕመሙንም በተማርኩት መንገድ ለራሴ አስረዳሁት። ባክቴሪያው ገባ፤ ነጭ የደም ህዋሶች ተጠራርተው መጡ፤ ጣቱ አበጠ፤ እብጠቱና ህዋሶቹ የሚረጩት ኬሚካል ነርቩን አስጨነቀው፤ ነርቩ ጮኸ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ነርቩ ጎረቤት ነው። ጠቡ የእሱ አይደለም፤ አጥር ስለሚጋራ ብቻ ፍላጻው ደረሰው።

ታሪኩ ግማሹ ስህተት እንደሆነ ያወቅኩት ጣቴ ከዳነች ከወራት በኋላ ነው።

በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኢሳክ ቺዩ የተባለ ተመራማሪ በክሊፎርድ ዉልፍ ላብራቶሪ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአይጦችን መዳፍ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ወጋ። ከዚያ ሕመሙን፣ እብጠቱን፣ የመጡትን ነጭ የደም ህዋሶችና የባክቴሪያውን ብዛት ጎን ለጎን ተከታተሉ። ሕመሙ ከእብጠቱ ጋር አልሄደም። ከነጭ የደም ህዋሶቹ ጋርም አልሄደም። አብሮት የወጣና የወረደው የባክቴሪያው ብዛት ነው። ኒውትሮፊሎቻቸው አስቀድመው የጠፉባቸው አይጦች እንኳ ከሕመሙ አላመለጡም። ነርቩ ባክቴሪያውን ያገኘው ያለ አማላጅ ነው ማለት ነው።

በምን አገኘው? እዚህ ላይ ነው ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ የጎተትኩት። ባክቴሪያ ፕሮቲን መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያዋ አሚኖ አሲድ ላይ ፎርሚል የምትባል ትንሽ ቅጥያ ይለጥፋል። የእኛ ህዋሶች ይህን አያደርጉም፤ ከሚቶኮንድሪያ በስተቀር፣ እሷም ድሮ ባክቴሪያ ስለነበረች የጥንት አመሏን አልተወችም። ኒውትሮፊል ይህችን ቅጥያ የሚለይበት ተቀባይ አለው፤ እንደ አነፍናፊ ውሻ ሽታውን እየተከተለ ወደ ባክቴሪያው የሚሮጠው በእሱ ነው። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። እነ ቺዩ ግን ያንኑ ተቀባይ ሕመም የሚያስተላልፈው የነርቭ ህዋስ ላይ አገኙት። ተቀባዩ የሌላቸው አይጦች ሕመማቸው ቀለለ። ባክቴሪያው ሌላም መንገድ አለው፤ አልፋ ሄሞላይሲን በሚባል መርዙ የነርቩን ሽፋን ይበሳል። እሱን እዚህ እንለፈው።

በጣም የገረመኝ ከዚያ የሚከተለው ነው። ሕመም አስተላላፊ ነርቮቻቸው የተወገዱባቸው አይጦች ላይ ብግነቱ ባሰ፤ ንፍፊታቸውም ይበልጥ አበጠ። ነርቩ ባክቴሪያውን መስማት ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ነጭ የደም ህዋሶች “ረጋ በሉ” እያለ ይይዛቸው ነበር። ያ ጎረቤት ያልኩት።

ይህን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት ግን በጣቴ ምክንያት አይደለም፤ በእታለም ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባት፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ የመገጣጠሚያዎቿን ሽፋን ያጠቃል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይጨበጡላትም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ቆይታ ነው ቁልፍ የምትቆልፈው። በሽታው ስም ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ “ጭንቀት ነው፣ እረፍት አድርጊ” ብሎ የመለሳት ባለሙያ ነበር። ስም ካገኘ በኋላ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ በሌላ በኩል መጣባት፦ “ደስ ደስ የሚልሽን አስቢ፣ አእምሮ ሁሉን ይፈውሳል።” እታለም ሁለቱንም እኩል ትጠላቸዋለች። አንድ ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ “ስማ፣ አንገት ውስጥ የሚቀበር፣ ነርቭ የሚነካ፣ ለእኔ በሽታ የሚሆን መሣሪያ አለ አሉ። ነርቭና የእኔ ጉልበት ምን አገናኛቸው? ያጭበረብሩኛል እንዴ?”

መልስ አልነበረኝም። ደም ስቆጥር የኖርኩ ሰው መልስ አልነበረኝም።

የተማርንበት መጽሐፍ ላይ ነርቭ አንድ ምዕራፍ ነው፤ በሽታ መከላከል ሌላ ምዕራፍ። በመካከላቸው ኩላሊትና እርግዝና አሉ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ክፍል ውስጥ ፈዝዤ ሳለሁ መምህራችንን፣ “ጉንፋኑ አፍንጫዬ ላይ ከሆነ ሰው ማየት ያስጠላኝ ለምንድን ነው?” አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና “ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልመጣም።

መልሱ ተቀባይ ነው። በላብራቶሪ ቋንቋችን ሪሴፕተር የምንለው ማለቴ ነው። መምህራን ሁሉ በቁልፍና በቁልፍ ቀዳዳ ያስረዱታል፤ እኔ ምሳሌው ብዙም አይጥመኝም፤ የቁልፍ ቀዳዳ የደረቀ ብረት ነው። እዚህ የምናወራላቸው ተቀባዮች አብዛኞቹ የህዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ እንዳለፈ ክር ናቸው። አንዱ ጫፍ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ሌላው ጫፍ ውስጥ ይቀራል። ውጭ ያለውን አንድ ነገር ሲነካው ክሩ ሁሉ ይጠማዘዛል፤ ውስጥ ያለው ጫፍ ሲንቀሳቀስ ህዋሱ ወሬውን ይሰማል። ህዋስ ደግሞ የሚሰማው ተቀባዩ ያለውን ብቻ ነው። ደም ውስጥ ስንት ዓይነት መልእክት ቢያልፍ፣ ተቀባይ ለሌለው ህዋስ ዝምታ ነው። ስለዚህ አንድ ህዋስ ላይ የማን ተቀባይ እንዳለ ያወቀ፣ ያ ህዋስ ማንን እንደሚያዳምጥ አወቀ።

በ1972 ካንዴስ ፐርት ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሰለሞን ስናይደር የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ከዚያ በፊት ከፈረስ ወድቃ ጀርባዋን ተጎድታ ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ እየተወጋች ተኝታለች፤ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ምን ላይ እንደሚያርፍ ማሰብ ያዘች። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። የእንስሳ አንጎል ይፈጫል። ጨረር የሚያወጣ ምልክት የተደረገበት መድኃኒት ይጨመርበታል። ድብልቁ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይፈስና በቀዝቃዛ ፈሳሽ ይታጠባል። ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ የቀረው ጨረር ይቆጠራል።

በእጁ ሠርቶት የሚያውቅ ግን የት እንደሚያስቸግር ይገባዋል። መድኃኒት ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይለጠፋል፤ በስብ ላይ፣ በወረቀቱ ላይ፣ በብርጭቆው ላይ። በደንብ ካላጠብከው ሁሉም ቦታ ያለ ይመስላል፤ በደንብ ካጠብከው ከተቀባዩም ይለቃል። ፐርት በሞርፊን ቢጤ ለወራት ሞክራ ምንም አላገኘችም። ራሷ ስትናገር እንደነበረው ስናይደር ነገሩን እንድትተው ነግሯት፣ እሷ በድብቅ ቀጠለች። የለወጠችው ነገር መድኃኒቱን ነው። ሞርፊንን ትታ ናሎክሶንን ወሰደች። ናሎክሶን የሞርፊን ተቃዋሚ ነው፤ መቀመጫው ላይ ቀድሞ ቁጭ ብሎ አልነሳም የሚል። ጠበቅ ብሎ ስለሚይዝ ከእጥበቱ ተረፈ።

መመርመሪያዋ ደግሞ የሚያስቀና ነው። ሌቮርፋኖልና ዴክስትሮርፋን አንድ ዓይነት አተሞች ያሏቸው፣ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የመስተዋት ግልባጭ የሆኑ ሁለት ኬሚካሎች ናቸው። የመጀመሪያው ሕመም ያስታግሳል፤ ሁለተኛው እንደዚያ አያደርግም። ተጣብቆ የተገኘው ነገር ዝም ብሎ ሙጫ ከሆነ ሁለቱም እኩል ይገፉታል፤ እውነተኛ ተቀባይ ከሆነ ግን ቀኝና ግራውን ይለያል። ለየ። ጽሑፉ በ1973 መጋቢት ወጣ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ኤሪክ ሳይመን፣ ኡፕሳላ ላይ ላርስ ቴሬኒየስ ለየብቻቸው እዚያው ደረሱ። በ1978 የላስከር ሽልማት፣ ትልቁ የአሜሪካ የሕክምና ምርምር ሽልማት፣ ለዚህ መስክ ሲሰጥ ስናይደር ተሸለመ፤ ፐርት አልተጠራችም። አልተቀበለችውም፤ በአደባባይ ጮኸች። እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

ሞርፊን የአንድ ተክል ወተት ነው፤ አንጎል ለተክል ወተት ተቀባይ ይዞ የሚፈጠር አይደለምና ከውስጥ የሚመጣ ሌላ እንግዳ ይጠበቅ ነበር። በ1975 አበርዲን ላይ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ኤንኬፋሊንን አወጡ፤ አንጎል ራሱ የሚሠራው፣ ያንኑ ተቀባይ የሚነካ አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት። ነገሩ እዚህ ቢቆም የአንጎል ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

አልቆመም፤ ወደ ደም ተሻገረ። የተሻገረበትን ሙከራ ሳነብ የሙያዬ ሰው ስለሆንኩ ደስ አለኝ። ድሮ ቲ ሴል የሚባለውን የመከላከያ ነጭ ህዋስ ለመለየት ቀለምና ማሽን ሳይኖር በፊት የበግ ቀይ የደም ህዋስ እንጠቀም ነበር፤ “እንጠቀም” ያልኩት በሙያዬ ስም ነው፣ እኔ አልደረስኩበትም። የሰው ቲ ሴልና የበግ ቀይ ህዋስ ሲቀላቀሉ ቀዮቹ ቲ ሴሉን ዙሪያውን ይከቡታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሐሉ ቲ ሴል የሆነ አበባ ነው፤ ሮዜት ይሉታል። ቁጭ ብለህ አበባ ትቆጥራለህ። በ1979 ቤልጂየም ውስጥ ጆሴፍ ዊብራንና ባልደረቦቹ ከጤነኛ ሰው ደም የተወሰደ ቲ ሴል ላይ ሞርፊን ጨመሩ፤ አበባው ቀነሰ። ኤንኬፋሊን ጨመሩ፤ አበባው በዛ። ናሎክሶን ሲጨመር ሁለቱም ለውጥ ቀረ። የመስተዋት ግልባጩንም ሞከሩ፤ አንዱ ሠራ፣ ሌላው አልሠራም። ያ የፐርት መመርመሪያ እንዳለ፣ አሁን ግን አንጎል በሌለበት፣ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ባለ ደም ላይ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። ኤድ ብላሎክ ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴልም ከእነሱ ወገን ነው) ራሳቸው የአንጎል ናቸው ይባሉ የነበሩ ሆርሞኖችን እንደሚሠሩ አሳየ። ማይክል ረፍ፣ የፐርት ባለቤትና የሥራ ባልደረባ፣ ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ህዋስ ወደ ኦፒዮይድ፣ ማለትም ወደ ሞርፊን ወገን ኬሚካሎች፣ ሽታ እየተሳበ እንደሚሄድ አየ፤ ኒውትሮፊል ወደ ባክቴሪያ እንደሚሄደው ማለት ነው። በ1985 እነ ፐርት ነገሩን በአንድ ጽሑፍ ሰብስበው አንጎል፣ እጢዎችና የመከላከያ ህዋሶች በጋራ መልእክተኞችና በጋራ ተቀባዮች የተያያዙ አንድ መረብ ናቸው አሉ።

ስለ ፐርት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድርባይ እሆናለሁ። በኋለኛው ዘመኗ ከቆመችበት መሬት ርቃ ሄደች። ስሜት ሞለኪውል ነው፣ ሰውነት ራሱ አእምሮ ነው የሚለው ንግግሯ ጆሮ ደስ ይለዋል፤ ከማጣሪያ ወረቀቱ ግን በጣም ይርቃል። ለኤድስ መድኃኒት ብላ ያቀረበችው ፔፕታይድ ቲ የተባለ አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለትም በትልቁ ሙከራ ላይ ተስፋ የተደረገበትን አላሳየም። የእታለም ዘመዶች “አእምሮ ሁሉን ይፈውሳል” የሚሉት ከዚህ ምንጭ በብዙ እጅ ተላልፎ የደረሳቸው ይመስለኛል። ቲ ሴል ላይ የኤንኬፋሊን ተቀባይ መኖሩ እውነት ነው። “ስለዚህ በጎ ካሰብሽ ጉልበትሽ ይድናል” የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም፤ በመካከላቸው ገደል አለ። “አንጀቴ አረረ”፣ “ሆዴ ባባ” ማለታችንን እንደ ሳይንስ ማስረጃ የሚያቀርብም አጋጥሞኛል። ቋንቋችን ያምራል እንጂ ተቀባይ አይቆጥርም።

ያም ሆኖ ሴትዮዋ አንድ ትክክለኛ ሽታ ይዛ ነበር። በ1986 ፔፕታይድ ቲን ስታቀርብ መነሻዋ ኤችአይቪ ወደ ቲ ሴል የሚገባበት ሲዲ4 የተባለው ተቀባይ አንጎል ውስጥም መኖሩ ነው። በ1996 ቫይረሱ ሲዲ4ን ይዞ ሁለተኛ በር እንደሚፈልግ ታወቀ፤ ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4። ሁለቱም ነጭ የደም ህዋሶች በኬሚካል ሽታ መንገዳቸውን የሚያገኙባቸው ተቀባዮች ናቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲኤክስሲአር4 ሳይኖራቸው የተፀነሱ የአይጥ ጽንሶች ሲመረመሩ ሴሬቤለማቸው፣ ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ተዛብቶ ተገኘ፤ የነርቭ ህዋሶቹ መቀመጫቸው ሳይደርሱ ያለ ቦታቸው ተበትነዋል። ደም ውስጥ ነጭ ህዋስ የሚመራው ተቀባይ ጽንስ ውስጥ የነርቭ ህዋስን ይመራል። ሲሲአር5 ደግሞ በ2016 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ትዝታን የሚያፍን ሆኖ ተገኘ፤ ሲቀንሱት አይጦቹ የተሻለ አስታወሱ። ይህን ሳነብ በየቀኑ የማየውን የኤችአይቪ ናሙና ሌላ ነገር አድርጌ ማየት ጀመርኩ፤ ለሥራ ግን አልጠቀመኝም።

በሌላው አቅጣጫ የሄደም አለ፤ ከመከላከያው ወደ አንጎል። ካርላ ሻትዝና ባልደረቦቿ የዓይን ነርቭ መስመሮች በጽንስ ውስጥ እንዴት እንደሚስተካከሉ እያጠኑ፣ የድመት ጽንስ ላይ የነርቩን እንቅስቃሴ በመርዝ ዘግተው የትኛው ጂን እንደሚቀንስ አዩ። ያገኙት ኤምኤችሲ ክፍል አንድ የሚባለውን ነው፤ ህዋስ “የራሳችሁ ነኝ፣ አትግደሉኝ” ብሎ ለቲ ሴል የሚያሳየው መታወቂያ። የነርቭ ህዋስ ያ መታወቂያ የለውም ተብሎ በየመጽሐፉ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ በ1998 ወጣ። በ2007 ደግሞ ቤዝ ስቲቨንስና ቤን ባሬስ ኮምፕሊመንት የተባለው፣ ደም ውስጥ ባክቴሪያን “ይሄ ይበላ” ብሎ ምልክት የሚያደርገው የፕሮቲን ቡድን በሚያድግ አንጎል ውስጥ ትርፍ የነርቭ መገናኛዎችን ለመንቀል እንደሚያስፈልግ አሳዩ።

መምህሬን የጠየቅኩትንም የጉንፋን ጥያቄ እግረ መንገዴን ላንሳው። ነጭ የደም ህዋሶች ሲቆጡ የሚለቁት ኢንተርሉኪን 1 አንጎል ውስጥም ተቀባይ አለው፤ ትኩሳቱ፣ እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ ሰው ማስጠላቱ ሁሉ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ቤንጃሚን ሃርት የተባለ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ በ1988 ይህ ድክመት ሳይሆን ሰውነት ጉልበቱን ለትኩሳቱ የሚቆጥብበት ዘዴ ነው ብሎ ተከራከረ። ጉንፋኔ አፍንጫዬ ላይ ብቻ አልነበረም።

ወደ እታለም ጥያቄ ልመለስ፤ ነርቭና ጉልበት። መንገዱ በጣፊያ በኩል ነው። ጣፊያ የሊምፎሳይት ከተማ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ፌልተንና ባልደረቦቹ ኖርአድሬናሊን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል በልዩ ብርሃን እንዲያበራ በሚያደርግ ዘዴ የጣፊያን ቀጭን ቁራጭ ሲያዩ የነርቭ ክሮች ከደም ሥሩ አልፈው ሊምፎሳይቶቹ መሐል ገብተው አገኙ። ቆይተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ የነርቩ ጫፍ ከሊምፎሳይቱ ጋር ሊነካካ ቀርቧል።

ኬቪን ትሬሲ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት አንጎል ውስጥ በደቃቃ መጠን ሲሰጥ በመላው ሰውነት ቲኤንኤፍን ቀነሰ። ቲኤንኤፍ የእታለምን መገጣጠሚያ የሚያነድደው ዋናው መልእክተኛ ነው። መጠኑ በደም ተጉዞ ያንን ለመሥራት አይበቃም። ከአንጎል በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደውን ቬገስ ነርቭ ሲቆርጡት ውጤቱ ጠፋ። በ2000 ባወጡት ጽሑፍ ቬገስን በኤሌክትሪክ በመንካት ብቻ የአይጦችን ቲኤንኤፍ ዝቅ አደረጉ። ቬገስ በዚህ መንገድ ሲታወቅ የመጀመሪያው አይደለም። ኦቶ ሎዊ በ1921 የእንቁራሪት ልብ ቬገስ ሲነካ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሌላ ልብን እንደሚያዘገይ ያሳየው በዚሁ ነርቭ ነው፤ ፈሳሹ ውስጥ ያለው አሴቲልኮሊን የሚባል የነርቭ መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2003 የትሬሲ ቡድን የአሴቲልኮሊን አንድ ተቀባይ፣ አልፋ 7 የሚባለውን፣ ማክሮፋጅ በተባለው ባክቴሪያ የሚውጥና ቲኤንኤፍ የሚለቅ የመከላከያ ህዋስ ላይ አገኘው። አንጎል ውስጥ ኒኮቲን የሚነካው ያው ተቀባይ ነው። (ለማጨስ ምክንያት የምትፈልጉ፣ አትድከሙ፤ ሲጋራ ለዚህ በሽታ ከታወቁት አባባሾች አንዱ ነው።)

አሁን እንቆቅልሹ። ወደ ጣፊያ የሚገባው ነርቭ የሚረጨው ኖርአድሬናሊን ነው፣ አሴቲልኮሊን አይደለም። ማክሮፋጁ ደግሞ የሚጠብቀው አሴቲልኮሊንን ነው። አንዱ በአንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ሌላው በሌላ ይሰማል፣ መልእክቱ ግን ይደርሳል። ማን ያስተረጉማል? መልሱ በ2011 ወጣ። አስተርጓሚው ቲ ሴል ነው። የኖርአድሬናሊን ተቀባይ ላዩ ላይ አለ፤ ነርቩ ሲናገር ይሰማል፤ ከዚያ ራሱ አሴቲልኮሊን ሠርቶ ለማክሮፋጁ ይሰጣል። የነርቭን ሥራ የሚሠራ የደም ህዋስ። ቬገስ ከጣፊያ ነርቭ ጋር በትክክል በየት በኩል እንደሚገናኝ እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ቲ ሴሉ ግን እዚያው መሐል ቆሟል።

ለእታለም ደወልኩላት። ጣፊያዋን፣ ነርቩን፣ አስተርጓሚውን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ “እሺ፣ መሣሪያው ግን ይሠራል?” አለች።

ያነበብኩትን አነበብኩላት። በ2016 በታተመ የመጀመሪያ ሙከራ 17 ሕሙማን ላይ ቬገስ ሲነካ ቲኤንኤፍ ቀነሰ፣ ሕመሙም ቀለለ። በ2025 አጋማሽ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቀን አንድ ደቂቃ ቬገስን የሚነካ፣ አንገት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ሌሎች መድኃኒቶች በበቂ ላልሠሩላቸው ወይም ላልተስማሟቸው አዋቂዎች ፈቀደ። በዋናው ሙከራ 242 ሰው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በሕክምናው መለኪያ መሻሻል ያሳዩት መሣሪያው ከበራላቸው ውስጥ ከመቶ 35 ገደማ፣ ተቀብሮ ካልበራላቸው ውስጥ ደግሞ ከመቶ 24 ገደማ ናቸው።

“ሳይበራላቸውም 24 ተሻላቸው?”

“አዎ።”

“ታዲያ እነዚያ ዘመዶቻችን ያሉት ነው ማለት ነው?”

“አይደለም፣ እታለም። በሽታው ራሱ ወጣ ገባ ይላል፤ ሰው የሚብሰው ጊዜ ነው ሙከራ የሚገባው፤ ክትትሉም ይረዳል። ተስፋም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል። እየለያየሁ ልነግርሽ አልችልም።”

“በል፣ እንዲህ ብለህ ንገረኝ እንጂ፤ አንዱ ጭንቀት ነው ይለኛል፣ አንዱ ሐሳብሽ ነው ይለኛል፣ ሰው መሐል ላይ አይቆምም።” ትንሽ ቆየች። “ለሐኪሜ እጠይቃለሁ። ጣትህስ?”

“ድናለች።”

በነጋታው ሥራ ገብቼ የመጀመሪያውን ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩ፤ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ሥራው የተለመደ ነው፤ 100 ነጭ የደም ህዋስ እስኪሞላ በዓይነት በዓይነቱ መቁጠር። ሊምፎሳይቱ ሁሌም ቀላሉ ነው። ድቡልቡል፣ ጥቁር ሐምራዊ ኒውክሊየስ ህዋሱን ሞልቶት፣ ዙሪያውን ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት ብቻ ይተርፋል። አንዱ ላይ ትኩረቱን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ከሚገባው በላይ ቆየሁ። በዚህ ቀለም ተቀባይ አይታይም። ያው ቀለበቱ ነው።

ቁጥሩን ጨረስኩ። ቅጹ ላይ አምስት ዓምድ አለ፤ በሊምፎሳይት ትይዩ 31 ጽፌ ቀጣዩን ስላይድ አነሳሁ።